የእድሩ ድንኳን እንጦጦ ላይ ያደረ ጊዜ

አንድ ተራ ቀን ምን ያስወጣሻል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ከታክሲውና ከዳቦው፣ ከክሩና ከመርፌው በፊት የምነግራችሁ ድምፄን ነው። ቀኑን ሙሉ ዝቅ አድርጌ ነው የማወራው። በር ስዘጋ በመዳፌ ደግፌ ነው። ሬዲዮው ዜና ሲጀምር ሮጬ እቀንሰዋለሁ። ልጄ ሊሚ ወድቃ ጉልበቷ ከተላጠ፣ ለቅሶዋ ሳይሰማ ጓሮ ወስጄ አባብላታለሁ። ስልክ ሲጠራ ከማንሳቴ በፊት ፊቴን አስተካክላለሁ፤ እናቴ ከወሬው ቀድማ የምታነበው ፊቴን ነዋ። ይሄ ሁሉ የእናቴ የልብ ዋጋ ነው። ጳውሎስ ሆስፒታል የምትከታተላት ሐኪም መድኃኒቱን ጽፋ ስታበቃ ወደ ጎን ጠርታኝ፣ «ኪኒኑ ግማሹን ሥራ ይሠራል፤ ግማሹ ያንቺ ነው። እንዳትደነግጥ» ነው ያለችኝ። ስለዚህ የቀኔ ትልቁ ወጪ እናቴን አለማስደንገጥ ነው። ከዚያ የተረፈኝን ጉልበት ለስፌት መኪናዬ እሰጣለሁ።

ሉሊት እባላለሁ። ጉለሌ ተወልጄ እዚያው አገባሁ፣ እዚያው ወለድኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ በኋላ ሽሮ ሜዳ አንድ ሱቅ ውስጥ ስፌት ተማርኩ። አሁን ከሸማኔዎቹ ወፍራም ጨርቅ እየገዛሁ የምሰፋው ለሰው ሳይሆን ለመኪና ነው። አይገርማችሁ። ርቀው የሚጓዙ ሰዎች መኪናቸው ውስጥ ይተኛሉ፤ ፍራሽ ልብስ ይፈልጋሉ፣ መጋረጃ ይፈልጋሉ፣ በበሩ ላይ የሚንጠለጠል ባለ ብዙ ኪስ ቦርሳ ይፈልጋሉ። ባሌ ለሊሳ በያጅ ነው፤ በጣሪያው ላይ የዕቃ መጫኛውን እሱ ይሠራል፣ ውስጡን እኔ አለብሳለሁ።

ባለፈው ዓመት፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፉ መሐል ካለ ሜዳ የጉዞ መኪናዎች ኤግዚቢሽን ተዘጋጀ። አንድ ደንበኛችን፣ አቶ ስብሐት የሚባሉ፣ አሮጌ የጭነት መኪና ቤት አድርገው ሊያሳዩ ነው፤ መጋረጃውና ፍራሽ ልብሱ የኔ ሥራ ነው። «ሁለት ሌሊት እዚያው እደሩ፤ የራሳችሁንም ዕቃ ዘርግታችሁ ሽጡ» አሉን። እዚያ ዕቃ ያቀረበ ሁሉ ዕቃውን ሲጠብቅ እዚያው ያድራል። ሌላው የሚያድርበት መኪና አለው። እኛ ምን አለን? በቃ፣ ድንኳን ያስፈልገናል።

የሰፈራችን እድር ዕቃ ቤት ኃላፊ ጋሽ ደበላ ናቸው። ሄጄ ትንሿን ድንኳን እንዲያውሱኝ ለመንኳቸው።

«ማን ሞተ?» አሉኝ።

«ማንም አልሞተም ጋሼ። ልንተኛባት ነው።»

«ልትተኙባት?» ቁልፋቸውን እያዟዟሩ አዩኝ። «እኔ እዚች ድንኳን ውስጥ ተኝቶ ያየሁት ሰው አረቄ የጠናበት ብቻ ነው።»

«ለሥራ ነው ጋሼ። እንጦጦ።»

«ውሰጃት። ሳትታዪ ውጪ፣ ሳትታዪ መልሺ። የእድር ድንኳን መንገድ ላይ ሲያዩ ሰዎች ሆዳቸው ይባባል።»

ለእናቴ ግን ምንም አልደበቅኩም። እናቴ ሾዴ ትባላለች፤ ሊሚ በአባቷ ቋንቋ «አኮ» ነው የምትላት፣ አያቴ ለማለት። «ጅብ ያለበት ተራራ ላይ ሕፃን ይዘሽ ልታድሪ?» አለችኝ። አጥር እንዳለው፣ ጥበቃ እንዳለው፣ ሰው እንደሚበዛ አስረዳኋት። መድኃኒቷን ለይቼ አስቀመጥኩላት። ጎረቤታችን እትዬ ቦንቱም ማታ ማታ አየት እንዲያደርጓት ነገርኳቸው። ያው፣ ሄድን።

አዘጋጆቹ የሰጡን ቦታ በሜዳው ጠርዝ፣ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወስደው መንገድ በኩል ነው። ከሽቦው አጥር ማዶ መንገዱ ይታያል። ከጎናችን ደግሞ አንድ መኪና ሆን ብለው የአፈርና የድንጋይ ክምር ላይ አጋድመው፣ አንድ ጎማዋን አየር ላይ አንጠልጥለው አቁመዋታል። ይህን ያህል ብታጋድልም አትገለበጥም ለማለት ነው አሉ። ለሊሳ ዞር ዞር ብሎ አያትና፣ «እኛ ሰፈር እንዲህ የቆመች መኪና ካየን ትራፊክ እንጠራለን» አለ።

ማታው ከባድ ነበር። ጉሙ ወረደ፤ ከሸለቆው ጅብ ጮኸ። ሊሚን መሐላችን አስተኝተን ጋቢ ደራረብንባት። ለሊሳ ዕቃውን ሲጠብቅ አላንቀላፋም። እኔም አልተኛሁም፣ ጆሮዬ የሊሚን ትንፋሽ ሲከተል አደረ። ድንኳኗን ቀና ብዬ ሳያት፣ እውነቴን ነው፣ ደስ አላለኝም። ነጭ ሸራዋ፣ የቀይ ቀለሙ ጽሑፍ፣ ጥጓ ላይ የተጣፈው ሰማያዊ ቁራጭ... አባቴ የሞተ ጊዜ እዚያ ቁራጭ ሥር ነበር የተቀመጥኩት።

ገና ሳይነጋ አቶ ስብሐት መጡና እንግዳ ሳይገባ መጋረጃው እንዲሰቀል ፈለጉ። የሊሚ ሹራብ ሌሊት ወተት ስለፈሰሰበት አጥቤ በድንኳኗ ገመድ ላይ አሰጣሁት። እሷን ተኝታ ከአባቷ ጋር ትቻት ሄድኩ። ለሊሳ ከብርዱ የተነሳ ጋቢውን በራሱ ላይ ጥሎ፣ አገጩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ደጃፏ ላይ ተቀምጧል።

መጋረጃውን ሰቅዬ ስጨርስ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። ትንሽ ዞር ልበል ብዬ መኪኖቹን ማየት ጀመርኩ። የኋላ በሯ ሲከፈት ምድጃና የድስት መደርደሪያ እንደ መሳቢያ የሚወጣላት አለች። ጣሪያዋ ላይ መሰላል ያለው አልጋ የተጫነባት አለች። በአቶ ስብሐት መኪና ውስጥ ደግሞ እንደ ቁም ሳጥን በምትጠብ ክፍል ሽንት ቤት አለ። በስንዝሬ እየለካሁ፣ ይሄኛው በዚህ ጨርቅ ቢሆን፣ ያኛው ኪስ ቢጨመርለት እያልኩ ሄድኩ። ጥሩ ቀን የሚሆን መሰለኝ። ሦስት ሰዎች ስልኬን ተቀበሉ።

ሜዳው ላይ ኔትወርክ የለም። ከላይ በኩል ጉብታ አለች፣ እሷ ላይ ሲወጣ ነው የሚመጣው። እናቴ መድኃኒቷን መዋጧን ልጠይቅ ብዬ ወጣሁ። እንደደረስኩ ስልኬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስደውልልሽ ስልክሽ ዝግ ነው የሚል መልእክት፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው። እትዬ ቦንቱ። ጋሽ ደበላ። ሱቅ ያላት ረይሃና። ደግሞ እትዬ ቦንቱ። ሰፈሩ በሙሉ ሲደውልልኝ ነበር፤ ከእናቴ በስተቀር።

ሰው ሁሉ ደውሎ እናት ያልደወለች እንደሆነ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሣሩ ላይ ተቀምጬ እትዬ ቦንቱ ጋ ደወልኩ።

«ሃሎ፣ እትዬ ቦንቱ። እኔ ነኝ፣ ሉሊት።»

ትንፋሽ ሰማሁ። ከዚያ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አሉና ስልኩ ተዘጋ። እንደገና ብደውል አያነሱም። እማዬ ሞታለች አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ የሚሰማ ሰው ግን አልነበረም።

ረይሃና ጋ ደወልኩ። የሰፈራችን ባለሱቅ ናት፣ እኩያዬ፤ ነገር አትደብቅም። አነሳች።

«ረይሃና፣ እማዬ ምን ሆነች?»

«ሉሊት?» አለች በሹክሹክታ። «ቢስሚላሂ በይ እስቲ።»

«ምን?»

«በቃ የፈለግሽውን በይ፣ ብቻ አውሪ። ድምፅሽን ልስማ።»

«ረይሃና፣ እናቴ ሞታለች ወይ?»

«እናትሽማ በሯ ላይ ቁጭ ብላለች። የሞትሽውስ አንቺ ነሽ። አንቺና ልጅሽ።»

ከዚያ እያለቀሰችም እየሳቀችም ነገረችኝ። እትዬ ቦንቱ ከሌሎች ሴቶች ጋር ማልደው ኪዳን አድርሰው ከእንጦጦ ማርያም ሲወርዱ፣ በአጥሩ በኩል የእድራችንን ድንኳን አዩ። በዚያች በሰማያዊ ቁራጯ ለዩአት። ከጎኗ መኪና ተጋድማለች፣ ጎማዋ አየር ላይ። ገመዱ ላይ የሊሚ ሹራብ ተሰጥቷል። ለሊሳ ጋቢ ተከናንቦ አንገቱን ደፍቷል። እኔ የለሁም፤ ልጅቷም የለችም። ሴቶቹ ከመንገዱ ሆነው ሲያለቅሱ ለሊሳ በጉሙ ውስጥ እጁን አነሳላቸው፤ እሱ ሰላም ያሉት መስሎት ነው። ማንም ምን ሆናችሁ ብሎ አልጠየቀም። የእድር ድንኳን ተተክሎ እያዩ ምን ተብሎ ይጠየቃል? እሪ እያሉ ወረዱ።

«እማዬ ሰምታለች?»

«አልሰማችም። የንስሐ አባቷ እስኪመጡ እየጠበቁ ነው፣ እሳቸው ባሉበት ሊያረዷት። አሁን ሮጬ እነግራቸዋለሁ። ግን ሉሊት፣ ሰዎቹ ሁሉ እየሸሹአት ነው፣ እሷም እያየች ነው። ፊቷ ጥሩ አይደለም።»

ዘጋሁና እናቴ ጋ ደወልኩ። ከማንሳቷ በፊት፣ በስልክም ቢሆን፣ ፊቴን አስተካከልኩ።

«እማዬ።»

«የት ነሽ?»

«ሥራ ላይ ነኛ። ኪኒንሽን ዋጥሽ?»

«ሉሊት፣ ማነው የሞተብኝ?» ድምፅዋ ደርቋል፤ በየቃሉ መሐል ትተነፍሳለች።

«ማንም አልሞተም እማዬ።»

«ቦንቱ በበሬ ስታልፍ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነው። ቶሎሳ ደግሞ ማዶ ቆሟል፤ ጡሩምባውን ጋቢው ውስጥ ደብቆ፣ ጫፉ ይታየኛል። የእድር ጡሩምባ ከማን ይደበቃል? ከባለ ሐዘኑ ነው። አንቺ አለሽ፣ እየሰማሁሽ ነው። ለሊሳ ነው ወይስ ሊሚ?»

«ሁለቱም ደህና ናቸው። እማዬ፣ በእመቤቴ።»

«ሊሚን አሰሚኝ።»

«ድንኳን ውስጥ ተኝታለች፣ አሁን...»

«ድንኳን ውስጥ» አለች። ስህተቴ የገባኝ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«እማዬ፣ ልብሽ እንዴት ነው?»

«ልቤን ተይው። ልጅቷን አምጪና አሰሚኝ።» ዘጋችው።

ከጉብታዋ እስከ ድንኳናችን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ነጠላዬ እሾህ ላይ ቀረ። ለሊሳ ባዶ ጄሪካን ይዞ ደጃፏ ላይ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሊሚ ካንቺ ጋ ናት?» አለኝ።

«ከኔ ጋ?»

«ተኝታ ነበር። ውሃው ጋ ሄጄ መመለሴ ነው። ወደ አንቺ የመጣች መስሎኝ...»

ጋቢው ተገልጧል፤ ጫማዋ የለም። ሹራቧ ገመዱ ላይ እንዳለ ነው። ያኔ ያሰብኩትን ልንገራችሁ? ሰፈሩ አስቀድሞ አለቀሰላት አልኩ። የተለቀሰለት ይሞታል ይባል የለ? እኔ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም፤ በዚያች ደቂቃ ግን አመንኩ።

ከሜዳው በስተኋላ ባሕር ዛፉ ያልቅና ገደል ነው። ለሊሳን ወደዚያ ላክሁት፤ እኔ ወደ መኪኖቹ ሮጥኩ። እንግዳ መግባት ጀምሯል፤ ሙዚቃ ተከፍቷል፤ ስሟን ስጠራ ድምፄን ራሴ አልሰማውም። በየመኪናው ሥር እየተንበረከኩ አየሁ። የድስት መሳቢያዎቹን ከፈትኩ። መሰላሎቹን እየወጣሁ በየጣሪያው አልጋ ውስጥ አጎነበስኩ። አንዱ ባለ መኪና፣ «እመቤት፣ ዋጋውን ልንገርዎት?» ይለኛል። ቅድም በስንዝር ስለካቸው የነበሩት ሁሉ አሁን ልጅ የሚውጥ ጉድጓድ መሰሉኝ። የምትሞቅ ሞተር፣ የምትከደን ሳጥን፣ ከውጭ ብቻ የምትከፈት በር። ማን ነው ልጅ ይዘሽ እዚህ ነይ ያለኝ? ጋሽ ደበላ ሳትታዪ ውጪ ሲሉኝ ምነው ተመልሼ ቤቴ በገባሁ? እያንዳንዷን በር ስከፍት እናቴ ስልኩን በእጇ ይዛ ስትጠብቀኝ ይታየኛል።

የአቶ ስብሐት መኪና ደጃፍ ላይ የሊሚ አንድ ጫማ ወድቋል።

ወጣሁ። የሰፋሁት መጋረጃ ተዘግቷል። ገለጥኩት። ሊሚ ፍራሹ ላይ ተጠቅልላ፣ ሌላውን ጫማ እንዳደረገች ተኝታለች። እጄን አፍንጫዋ ሥር አደረግሁ። ትንፋሿ እስኪነካኝ ድረስ እኔ አልተነፈስኩም።

አንስቼ አቀፍኳትና ወደ ጉብታዋ ሮጥኩ። ለሊሳ ከዛፎቹ መሐል ሲያየን እዚያው ዘጭ ብሎ ተቀመጠ፤ ከዚያ ተነስቶ ተከተለን። ላይ ስደርስ ደወልኩ። ገና አንዴ ሳይጠራ ተነሳ።

«ይኸውልሽ እማዬ፣ ሊሚ ናት።» ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረግኩላት።

ሊሚ ከእንቅልፏ የቀሰቀሳትን ሰው በቀላሉ ይቅር አትልም። ከንፈሯን ጥላ ዝም አለች።

«ሊሚ? ሊሚዬ?» ትላለች እናቴ።

ሊሚ ራሷን ነቀነቀች።

«በድምፅ በይ» አልኳት። «አኮ ራስሽን አታይም።»

እንደገና ነቀነቀች።

«አልሰማም» አለች እናቴ። «ሉሊት፣ አትዋሺኝ። ሌላ ምንም አልልሽም፣ አትዋሺኝ ብቻ።» ከጀርባዋ ረይሃና አንድ ነገር ስትላት፣ እሷም «ተዪኝ» ስትል ይሰማኛል። ትንፋሿ እንደ ተቀደደ ወንፊት ሆኗል።

ለሊሳ ሳል እየተናነቀው ደረሰ። ልጁ ፊት ተንበረከከና፣ «ሊሚ፣ ቅድም ሄደሽ ያየሽውን ለአኮ ንገሪያት። ካልነገርሻት እኔ ልነግራት ነው» አላት።

«አንተ አትነግራትም» አለች ሊሚ። ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። «አኮ፣ መኪናው ውስጥ ሽንት ቤት አለ።»

«ማን ነገረሽ?» አለች እናቴ።

«ሸናሁበት።»

እናቴ ስታለቅስ ሰማኋት። ከዚያ ለሰዎቹ፣ «ሸናሁበት አለችኝ። ሰማችሁ? ሸናሁበት አለች» እያለች ትነግራቸው ጀመር። ሽንት ቤቱ ለማሳያ የተቀመጠ ውሃ የሌለው ነበር፤ አቶ ስብሐትን ይቅርታ የጠየቅኋቸው ግን ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

ለሊሳ ዕቃው ጋ ቀረ። እኔና ሊሚ በተገኘው መኪና ወረድን። ሰፈር ስንደርስ ሰዉ መንገዱን ከፈተልን። አንዲት ሴት ክንዴን ነካ አድርጋ አየችኝ። አባባ ቶሎሳ ጡሩምባቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው ባርኔጣቸውን አወለቁ። እናቴ በሯ ላይ ነበረች፤ ረይሃና ጀርባዋን ደግፋታለች፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ልትነሳ አልቻለችም። የሊሚን ፊት ዳሰሰች፣ ጉንጯን፣ ጆሮዋን፣ ከዚያ የኔን፤ ጨርቅ የሚገዛ ሰው ጫፉን በጣቱ እያሸ እንደሚያየው። «ቀዝቅዛችኋል» ነው ያለችው።

ወዲያው በረይሃና ወንድም መኪና ሆስፒታል ወሰድናት። ሁለት ቀን አስተኙአት። ግፊቷ ወርዶ ስትወጣ ሐኪሟ ቀና ብላ አየችኝ። አንድ ኪኒን ተጨመረ።

እትዬ ቦንቱ እየመጡ ያለቅሳሉ። «በዓይኔ አይቼ ነው እኮ ሾዴ» ይላሉ።

«ማየትሽን አልተቀየምኩም» አለቻቸው እናቴ። «ሠላሳ ዓመት እየገባሽ ወጥ ስትቀምሽ ኖረሽ፣ ያን ቀን በበሬ ዝም ብለሽ ማለፍሽን ነው።»

«ላስደነግጥሽ አይደል? እንዳትሰሚ ብዬ ነው።»

«እኔ ጆሮ ብቻ ነኝ እንዴ ቦንቱ? ዓይን የለኝም?»

እድሩ ጋሽ ደበላን ጠርቶ ገሠጻቸው፤ ድንኳኗም ከለቅሶና ከሰርግ ውጪ ደጅ እንዳትወጣ ተባለ። ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ተነስቼ ተናገርኩ። ስልኬን ከተቀበሉት ሰዎች ሁለቱ ደውለው ሥራ ሰጡኝ፤ ከሚተርፈኝ ሸራ ለራሳችን ድንኳን እየሰፋሁ ነው፣ ብርቱካናማ ቀለም ያለው። ለሚቀጥለው ኤግዚቢሽን እናቴም ቀን ቀን እንድትመጣ ጠይቄያታለሁ። ሽንት ቤቱን ልይ ብላለች።

ግን ያ ቀን ከእሷ አልወጣም። እስካሁን ሰው ከመንገዱ ብቅ ሲል ታየዋለች። ሰላም ካላት ደህና ነው። ፊቱን አዙሮ ካለፈ፣ ስልኩን እያየም ይሁን ሐሳብ ይዞት፣ እጇ ደረቷ ላይ ይሄዳል፤ ወደ ውስጥ ትጠራኛለች፤ ሊሚን ትጠራለች፤ ሁላችንም ድምፃችንን እስክናሰማ አትቀመጥም። ስፌቴን ትቼ የምወጣበት ጊዜ በቀን ስንቴ እንደሆነ አልቆጥረውም።

ስለዚህ እናንተን የምለምነው ይህን ነው። ወደ ሽሮ ሜዳ ለጨርቅ ወይም ወደ እንጦጦ ለጸሎት ስትወጡ በጉለሌ በኩል ካለፋችሁ፣ በየበሩ እንደኔ እናት ያሉ ብዙ ሴቶች ተቀምጠው ታገኛላችሁ። የእኔዋ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ላይ ናት፣ ነጭ ሻሽ ታስራለች። አታውቋትም፣ አታውቃችሁም፤ ግድ የለም። ዝም ብላችሁ አትለፏት። እንዴት አደሩ እማማ፣ ሁሉም ደህና ናቸው በሏት፣ ከዚያ መንገዳችሁን ቀጥሉ።